ሲቪላይዜሽን 6 በከበባ በኩል ሲመዘን፦ ግንብ የሚያፈርሰው ምንድን ነው?

ሲቪላይዜሽን 6 የተባለውን፣ በየተራ እየተጫወቱ አገር የሚገነቡበትንና የሚዋጉበትን የኮምፒውተር ጌም አዲስ የጀመረ ተጫዋች ብዙ ጊዜ የሚናደደው ከተማ ሲከብ ነው። ስድስት ዎሪየር (የመጀመሪያው ዘመን እግረኛ ተዋጊ) አሰልፎ የጎረቤቱን ከተማ ይመታል፣ ደግሞ ይመታል፤ ግንቡ ንቅንቅ አይልም፤ የእሱ ሰዎች ግን አንድ በአንድ ያልቃሉ። ጌሙ አላደላበትም። ፋየራክሲስ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው በዚህ ጌም ከበባ የሚፈታው በሠራዊት ብዛት ሳይሆን በመሣሪያ ዓይነትና በአቀማመጥ ነው። ይህ ግምገማ ጌሙን የሚያየው በዚህ በኩል ብቻ ነው፤ በተለይም ጋዘሪንግ ስቶርም የተባለው ማስፋፊያ ከተጫነበት በኋላ ያለውን።

ስሌቱን ያወቀ ሰው ግማሹን ጦርነት ጨርሷል። እኩል ጉልበት ያላቸው ሁለት ወገኖች ሲጋጩ እያንዳንዱ በአማካይ 30 ነጥብ ጉዳት ይደርስበታል፤ የጉልበት ልዩነቱ በሰፋ ቁጥር ጉዳቱ በአንዱ ላይ ይበረታል፣ በሌላው ላይ ይቀንሳል። የመጀመሪያው ግንብ 100 ነጥብ አለው፤ ከግንቡ ኋላ ያለችው ከተማ ደግሞ 200። የጠላት ከተማ ጉልበት 28 ነው እንበል። ጉልበቱ 20 የሆነ ዎሪየር ሲመታው ስሌቱ 22 አካባቢ ጉዳት ይሰጣል። ነገር ግን የቅርብ ተዋጊ ግንብ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት 15 በመቶው ብቻ ስለሆነ ከግንቡ የሚቀነሰው 3 ነጥብ ነው። ዎሪየሩ ራሱ በዚያው ምት ከ100 ነጥቡ 40 ያህሉን ያጣል። ቀስተኛም ብዙ አይሻልም፦ ከተማ ላይ ሲተኩስ ከጉልበቱ 17 ይቀነስበታል፣ ከዚያም ግንቡ ላይ የሚደርሰው ግማሹ ብቻ ነው፤ በአንድ ምት ቢበዛ 7 ወይም 8 ነጥብ። ካታፑልት (ድንጋይ ወርዋሪ የከበባ መሣሪያ) ግን 35 ጉልበቱን ሙሉ በሙሉ ያሳርፋል፤ ያው ግንብ ላይ በአንድ ምት 40 አካባቢ። ሁለት ካታፑልት በሁለት ተራ ግንቡን መሬት ያስነካሉ ማለት ነው። እድል እዚህም እዚያም 20 በመቶ ያህል ይጨምራል ወይም ይቀንሳል፤ መልኩ ግን አይለወጥም።

ከካታፑልት የሚረክሰው መንገድ ባተሪንግ ራም (ግንብ መደርመሻ ግንድ) ነው፦ ሜሶንሪ የተባለው ቴክኖሎጂ ሲጠና በ65 ፕሮዳክሽን (የከተማ የማምረት አቅም) ይሠራል፤ ካታፑልት 120 ይፈልጋል። ራሙ ራሱ አይዋጋም። ከከተማዋ አጠገብ ከቆመ ግን ከተማዋን የሚመቱ የእግረኛና የፀረ-ፈረሰኛ ዩኒቶች (የጦር ክፍሎች) ሁሉ ግንቡ ላይ ሙሉ ጉዳት ያደርሳሉ። አንድ ራም ለሁሉም ይበቃል፤ ሁለት መሥራት ብክነት ነው። ከተዋጊ ጋር በአንድ ሄክስ (ካርታው የተከፋፈለበት ባለ ስድስት ጎን ቦታ) ስለሚቆም ሁልጊዜ ጤናው የሞላውን ስወርድስማን (ሰይፈኛ) ከላዩ አቁሙበት፤ ያ ተዋጊ ከሞተ ራሙ ያለ ጠባቂ ይቀራል። ሲጅ ታወር (ግንብ መሻገሪያ ማማ) ደግሞ ግንቡን ሳያፈርስ ተዋጊዎቹን በላዩ አሳልፎ በቀጥታ ከተማዋን ያስመታል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛ፣ ፈረሰኛ ከሁለቱም ምንም አያገኝም። ሁለተኛ፣ ራም በመካከለኛው ዘመን ግንብ ላይ አይሠራም፣ ታወርም በሬኔሳንስ ግንብ ላይ አይሠራም። ስለዚህ ዘመቻው ዘግይቶ ከተነሳና ጎረቤት ግንቡን ካሳደገ፣ ይዛችሁት የሄዳችሁት ራም ተሸክማችሁት የምትዞሩት እንጨት ሆኖ ይቀራል። ጦሩ ከመነሳቱ በፊት የጠላትን ከተማ ግንብ አይቶ መሣሪያ መምረጥ ግዴታ ነው።

ጌሙ በጥሩ ሁኔታ የማያስረዳው፣ ግን ከሁሉ የሚጠቅመው ነገር ክበቡ ነው። ያልተከበበች ከተማ በየተራው 20 ነጥብ ታገግማለች፤ በሦስት ተራ ያደከማችሁበት እንዲሁ ይመለሳል። ከተከበበች ግን ማገገሙ ይቆማል። ለመክበብ ስድስቱንም ሄክስ በሰው መሙላት አያስፈልግም። እያንዳንዱ የቅርብ ተዋጊ ዙሪያውን ያሉትን ሄክሶች በቁጥጥሩ ስር ያደርጋል፤ ስለዚህ በሜዳ ላይ ያለችን ከተማ ከወዲህና ከወዲያ፣ ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት ተዋጊዎች ብቻ ይዘጓታል። ቀስተኛና ካታፑልት ይህ ቁጥጥር የላቸውም፤ እነሱን ቆጥሮ "ከብቤያለሁ" ያለ ሰው አልከበበም። ወንዝም ቁጥጥሩን ይቆርጠዋል፤ ከተማዋ ወንዝ ዳር ከሆነች በሁለቱም ዳርቻ ሰው ይኑራችሁ። የባህር ከተማ ያለ መርከብ አትከበብም። ተራራ ግን መተላለፊያ ስላልሆነ ያግዛችኋል።

ካታፑልት ደካማ ጎኑ እርምጃው ነው። በተንቀሳቀሰበት ተራ አይተኩስም፤ ከተማዋም እስከ ሁለት ሄክስ ስለምትመታ ቦታ እስኪይዝ ድረስ ይደበደባል። መፍትሔው ግሬት ጄኔራል (ጦሩን የሚያጠናክር ልዩ የጦር መሪ) ነው፦ በሁለት ሄክስ ውስጥ ላሉ የዘመኑ ዩኒቶች 5 ጉልበትና 1 እርምጃ ይጨምራል፤ በዚያች አንድ እርምጃ ካታፑልቱ ሄዶ መተኮስ ይችላል። ካታፑልት ያለ ጄኔራል ከሚላክ ይልቅ ጄኔራሉ እስኪገኝ በራም መሥራት ይሻላል። ከተማዋ ስትወድቅ ደግሞ የመጨረሻውን ምት የቅርብ ተዋጊ መስጠት አለበት፤ ቀስተኛና ካታፑልት ወደ ከተማ አይገቡም። ይህን ረስቶ የተዋጊዎቹን ጤና የጨረሰ ሰው ዜሮ ነጥብ ያላት ከተማ ፊት ቆሞ ይቀራል።

ለእኛ አንባቢ የሚነገር ሌላም ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2020 በወጣው የኢትዮጵያ ጥቅል ዳግማዊ ምኒልክ በአማርኛ እየተናገሩ ይመጣሉ። ሠራዊታቸው ኮረብታ ላይ ሲዋጋ 4 ጉልበት ይጨመርለታል፤ የኦሮሞ ፈረሰኛ ደግሞ ኮረብታ ሲወጣ እርምጃ አይጎድልበትም። ፈረሰኛው ግንብ ላይ አይጠቅምም። ሥራው ረዳት ጦርን መንገድ ላይ መቁረጥና እርሻና ማዕድን መዝረፍ ነው፤ በዚያ ግን በጣም ጎበዝ ነው። ከኮረብታ ላይ ካታፑልት መትከልም በምኒልክ ሲጫወቱ ቀዳሚው ሐሳብ መሆን አለበት።

ግን እዚሁ ላይ የጌሙ ትልቁ ጉድለት ይታያል። በ1888 ዓ.ም መቀሌ ላይ በመድፍና በቀጥታ ጥቃት አልደፈር ያለው የእንዳ ኢየሱስ ምሽግ የተለቀቀው እቴጌ ጣይቱ የውሃ ምንጩን ካስያዙ በኋላ ነው፤ የሻለቃ ጋሊያኖን ጦር ጥም አንበረከከው። በሲቪላይዜሽን 6 ግን የተከበበ ከተማ በረሃብም ሆነ በጥም እጅ አይሰጥም። መክበብ ማገገምን ብቻ ይከለክላል፤ ሃምሳ ተራ ብትከቡም ግንቡ ካልተመታ እንዳለ ነው። የምኒልክን ጦር ይዞ ለመጣ ጌም ይህ በእውነት ያሳዝናል።

ከተማ ከተያዘ በኋላ ያለው ሥራ ግን በጥሩ ሁኔታ የታሰበ ነው። በዘጠኝ ሄክስ ውስጥ ያሉ የጠላት ከተሞች በሕዝባቸው ብዛት የተያዘችውን ከተማ ታማኝነት (ለባለቤቷ ያላትን ታዛዥነት፤ ካለቀ ትከዳለች) ይስባሉ፤ በቅርብ ያለ ከተማ ይበልጥ ይጫናል። አንዲት ከተማ ብቻ ነጥቆ ሰላም የተፈራረመ ሰው ብዙም ሳይቆይ ያጣታል። ገዢ (ከተማን የሚመራ ሹም) ብትመድቡ በየተራው 8 ታማኝነት ይጨምራል፤ ከገዢዎቹ አንዱ የሆነው ቪክቶር ከሌሎቹ አምስት ተራ ይልቅ በሦስት ተራ ስለሚደላደል ለጦርነት እሱን ጠብቁት። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ሁለትና ሦስት ጎረቤታም ከተሞችን በአንድ ዘመቻ መውሰድ፣ በተለይም እናንተ ወርቃማ ዘመን ላይ፣ ጠላት ጨለማ ዘመን ላይ ሲሆን ነው፤ የእናንተ ጫና በግማሽ ያድጋል፣ የእሱ በግማሽ ይወርዳል። ጠላትንም ቀድሞ አውግዞ ከአምስት ተራ በኋላ ጦርነቱን በይፋ ማወጅ ከድንገተኛ ጦርነት ያነሰ ቂም ያተርፋል።

ኋለኛው ዘመን ይቀዘቅዛል። ስቲል የተባለው ቴክኖሎጂ ሲጠና ከተሞች ሁሉ ያለ ግንባታ 400 ነጥብ መከላከያ ያገኛሉ፤ መልሱ መድፍና ኦብዘርቬሽን ባሉን (የቅኝት ፊኛ) ነው፤ ባሉኑ የመድፉን ርቀት በአንድ ሄክስ ስለሚጨምር ከከተማዋ ምት ውጭ ሆናችሁ ትደበድባላችሁ። ቦምበር አውሮፕላን ከመጣ በኋላ ግን የአቀማመጥ ብልሃት ሁሉ ዋጋ ያጣል። የኮምፒውተሩ ተጫዋችም ግንብ ሲያጠቃ ደካማ ነው፤ ከበባ መሣሪያና ተዋጊ አቀናጅቶ ሲመጣ ማየት ብርቅ ነው፤ እውነተኛ የመከላከል ፈተና የምትፈልጉ ከሰው ጋር ተጫወቱ።

ግዢን በተመለከተ፣ መነሻውን ብቻ ከመግዛት ተቆጠቡ፤ የታማኝነትና የቂም ሥርዓት የሚመጡት ከማስፋፊያዎቹ ጋር ነው። አንቶሎጂ የተባለው ጥቅል ሁለቱንም ማስፋፊያዎችና ምኒልክን አካቷል፤ ስቲም በተባለው የኢንተርኔት የጌም መደብር ላይ ብዙ ጊዜ በትልቅ ቅናሽ ይገኛል። ሰባተኛው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2025 ወጥቷል፤ ይህ የምኒልክ ጦር ያለው ግን ስድስተኛው ላይ ነው። የጽሑፍ ገጹ በአማርኛ የለም፤ እንግሊዝኛ የሚከብደው ሰው መጀመሪያ ላይ አጠገቡ የሚያነብለት ሰው ያስፈልገዋል።