ቦሌ ላይ “ኦርጅናል ሌጎ በኪሎ” የሚሏችሁን ተጠንቀቁ

ይሄን ጽሑፍ የጀመርኩት ከሱቁ ወጥቼ ታክሲ ውስጥ ነው። ስድብ የበዛበትን ቤት ገብቼ ቆርጬዋለሁ። የቀረውን ታገሱኝ።

ሰዎቹን ታውቋቸዋላችሁ። ቦሌ አካባቢ፣ ሞል ውስጥ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ የሚጠብቅበት ሱቅ። ቴሌግራም ላይ ግን ተከታያቸው ለጉድ ነው። “ዋጋ በውስጥ መስመር።” ውስጥ መስመር ስትገቡ “ሰላም ውዴ፣ ይገኛል።” የፈለጋችሁትን ጠይቁ፣ ይገኛል። ግማሽ ክፍያ ቅድሚያ በቴሌብር፣ ቀሪው ዕቃው ሲገባ። ከዚያ “ሐሙስ ይገባል” ይጀመራል። ሐሙስ ሲደርስ ካርጎው ዘግይቷል። በሚቀጥለው ሐሙስ ጉምሩክ ይዞታል። ጉምሩክ ሲለቅ ደግሞ ልጁ ለቅሶ ሄዷል። ይሄን ያልለመደ አዲስ አበቤ የለም፤ እኔም በመዘግየቱ አልከፋኝም። የሚከፋው ሲገባ ነው።

ያዘዝኩት የሌጎ ጡብ ነው። አዎ፣ እየተገጣጠመ ነገር የሚሠራበት የፕላስቲክ መጫወቻው። በሌጎ ትንንሽ ከተማ የምንሠራ ሰዎች እዚህ አገርም አለን፤ ብዙ ባንሆንም። እኔ የምሠራው ፒያሳን ነው። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ የፈረሰውን ፒያሳ፤ ከታች ሱቅ፣ ከላይ የእንጨት በረንዳ፣ አናቱ ላይ የዛገ ቆርቆሮ የነበረውን። ለዚህ የሚሆን የተዘጋጀ ሣጥን ማንም አይሸጥም። የሌጎ ኩባንያ ራሱ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የሚያወጣቸው የከተማ ሕንፃዎች አሉ። የመጀመሪያው የማዕዘን ካፌ 2,056 ቁራጭ ነበረው። ግን ካፌውም፣ አትክልት ቤቱም፣ ምኑም የአውሮፓ መንደር ነው። ስለዚህ ንድፉን በኮምፒውተር ራሴ ሠራሁ።

ሥራው ቀልድ እንዳይመስላችሁ። የሌጎው ሰውዬ፣ ትንሹ አሻንጉሊት፣ ያለ ኮፍያ የአራት ጡብ ቁመት አለው፤ አራት ሴንቲ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ከተማው በሙሉ በእሱ ልክ ይቀነሳል። በእሱ ልክ ስታሰሉት ሃይስ ሚኒባስ 14 ጉጥ ይረዝማል። (ጉጥ የምለው ጡቡ አናት ላይ ያለችውን ክብ እብጠት ነው።) አንድ ቤት 32 በ32 ጉጥ ወለል ላይ ይቆማል፤ 25 ሴንቲ ተኩል ገደማ ማለት ነው። ለቆርቆሮው ባለ ሸንተረር ስስ ቁራጭ ያስፈልጋል። ለድንጋይ ግንቡ የግንብ መስመር የተቀረጸበት ጡብ። ለበረንዳው ቡናማ አጥር። ለሚኒባሱ ሰማያዊና ነጭ። ዝርዝሩን ከነፎቶው፣ ከነቀለሙ አወጣሁና ላክሁላቸው።

“ሁሉም ይገኛል ውዴ። ኦርጅናል ነው፣ ከዱባይ። በኪሎ 6,500።”

ሦስት ኪሎ፣ 19,500 ብር። ግማሹን፣ 9,750 ብር፣ ላክሁ። የቴሌብሩ ስም የሱቁ አይደለም፣ የአንድ ሰው ነው። እሱንም ታውቁታላችሁ።

ደግሞ ዝም ብዬ አልላክሁም። አስቀድሜ ናሙና አሳዩኝ ብዬ ሱቃቸው ሄጃለሁ። ልጁ ከመሳቢያ ትንሽ ፌስታል አወጣ። በስልኩ መብራት እያበራልኝ አየሁት። እውነተኛ ሌጎ እያንዳንዱ ጉጥ ላይ ስሙ በጥቃቅን ፊደል ተቀርጿል። ነበረ። ሁለቱን ጡብ አጋጠምኩ፣ ጠቅ ብሎ ያዘ። ላላቅቀው ብል ጥፍሬን አሳመመኝ እንጂ አልላቀቀም። እንደዚያ ነው የሚሆነው።

“ለምን ኦርጅናል ካልሆነ አልሽ?” ለምትሉኝ፦ የአንድ ጡብ ከፍታ 9.6 ሚሊ ሜትር ነው። ከጉጥ እስከ ጉጥ 8 ሚሊ ሜትር። ጡቡ ፓተንት የተመዘገበለት እ.ኤ.አ. በ1958 ነው፤ የዚያን ጊዜው ጡብ ዛሬ ከተመረተው ጋር ይገጥማል። አንድ ጡብ በአሥረኛ ሚሊ ሜትር ከሳተ ሃያ ጡብ ከፍታ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በረንዳው ከጎረቤቱ በረንዳ ጋር አይገናኝም፣ ጣሪያው ይንጋደዳል።

የቻይና ዕቃ ጠላትም አይደለሁም። የጡቡ ፓተንት ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። በራሳቸው ስም፣ በራሳቸው ንድፍ፣ በሕግ የሚሠሩ የቻይና ፋብሪካዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ ጎበዞች ናቸው። የሰው ንድፍና ሣጥን ገልብጦ መሸጥ ግን እዚያው ቻይናም ያሳስራል። እ.ኤ.አ. በ2019 የሻንጋይ ፖሊስ “ሌፒን” የሚባለውን አስመሳይ ምርት የሚያመርቱትን ይዟል። ዋናው ሰውዬ በሚቀጥለው ዓመት ስድስት ዓመት ተፈረደበት። እነዚህ የቦሌዎቹ “የቻይና ነው፣ በኪሎ ሁለት ሺህ” ቢሉኝ አስቤበት እገዛ ነበር። ለዛፍ፣ ለመሠረት፣ ለማይታይ ቦታ ይሆናል። አላሉኝም።

አሁን ወደ ቅዳሜው ልምጣ።

ዕቃው ገብቷል ተባልኩ፣ ሄድኩ። ልጁ አለ፣ ካሸሯ አለች፣ ባለቤቱ ጥግ ላይ ተቀምጦ ስልክ ያወራል። አንዲት እናት ለልጇ አሻንጉሊት ትመርጣለች። ካርቶኑ መስታወቱ ስር ይታየኛል፤ በቡናማ ፕላስተር ዙሪያውን ተጠቅልሏል፣ የካርጎ ወረቀት ተለጥፎበታል።

“ልየው” አልኩ።

“ቀሪውን ላኪና ውሰጂው የኔ ቆንጆ፣ ወረፋ አለ።”

ወረፋ የለም። አሻንጉሊት የምትመርጠው ሴትዮ ብቻ ናት። ላክሁ። የኔ ስልክ ጮኸ፣ የእሱ ስልክ ጮኸ። አየው። “ገብቷል” አለ። ካርቶኑን አወጣና ወደ ደረቴ ገፋው።

“ቤት ሄደሽ ክፈቺው እሺ? እዚህ ይበታተንብሻል።”

“መቀስ ስጠኝ።”

መቀሱ እፊቱ ነው፣ መስታወቱ ላይ። አያየውም። የቤት ቁልፌን አውጥቼ ፕላስተሩን ቀደድኩት።

ከላይ ያለችው ፌስታል ናሙናዋ ናት። ያቺው። ስሙ አለባት፣ ያጋጠምኳቸው ሁለት ጡቦች እንኳ አልተላቀቁም። አነሳኋት። ከሥሯ ያለውን ስከፍት የአዲስ ጀሪካን ሽታ ፊቴ ላይ ወጣ። አንድ ጡብ አንስቼ ወደ መብራቱ አዞርኩ። ጉጡ ራሰ በራ ነው። ሌላ አነሳሁ። ራሰ በራ። ከሌላ ፌስታል፣ ራሰ በራ። ሁለት ወስዼ አጋጠምኩ። ገባ፣ ተንሸራተተ፣ መስታወቱ ላይ ወደቀ።

ልጁ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አነሳው፣ እፍ አለበት፣ ፌስታሉ ውስጥ መለሰው። “ሲቆይ ይጠብቃል” አለኝ።

ሲቆይ ይጠብቃል! ቆዳ ጫማ የገዛሁ መሰለው እንዴ?

“ይሄ ኦርጅናል አይደለም።”

“ኦርጅናል ነው።”

“ስሙ የታለ?”

“ኦርጅናል ኮፒ ነው። አንደኛ ኮፒ።”

ካሸሯ እስካሁን ቀና አላለችም ነበር። ቀና አለች። “ስንት ዓመቱ ነው?” አለችኝ።

“ማን?”

“ልጅሽ።”

“ልጅ የለኝም። ለራሴ ነው።”

ልጁን አየችው። አያት። ከንፈሯን ነከሰች። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ጮክ ብላ፣ ሱቁ በሙሉ እንዲሰማ፣ “ለራሷ ነው አለች እኮ!” አሻንጉሊት የምትመርጠው እናት ዞራ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

ደረሰኝ ጠየቅሁ። “በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ ቫት ይጨመራል።” ልብ በሉ፣ ሙሉ ክፍያውን ከወሰዱ በኋላ ነው ይሄን የሚሉት። ገንዘቤን መልሱ አልኩ። ልጁ አልመለሰልኝም፣ በጣቱ ብቻ ከጀርባው ያለውን ወረቀት አሳየኝ። “የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።” አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ ሸማቹ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፣ ግድግዳ ላይ የለጠፋችሁት ወረቀት ሕግ አይሽርም አልኩት። ያን ጊዜ ባለቤቱ ስልኩን በእጁ ሸፈን አድርጎ የመጀመሪያውን ቃል ተናገረ።

“ሴትዮ፣ ትልቅ ሰው አይደለሽ እንዴ? በመጫወቻ ሰው ይጨቃጨቃል? አዋጁን ይዘሽ ነይና አብረን እናነበዋለን።”

ከ“ውዴ” ወደ “ሴትዮ” ለመውረድ አንድ የቴሌብር መልእክት ብቻ ነው የፈጀብኝ። ስልኩን ወደ ጆሮው መለሰና ወሬውን ቀጠለ። ልጁ ካርቶኑን እንደገና በፕላስተር ይጠቀልልልኝ ጀመር፤ መቀሱ ያን ጊዜ ተገኘ።

ገና ከሞሉ ሳልወጣ ከቻናሉ አስወጥተውኛል። ስልኩም አይነሳም።

ቤት ገብቼ ወለሉ ላይ ዘረገፍኩት። በካሊፐር ለካሁ፤ አንዱ 9.5፣ አንዱ 9.7፣ አንዱ ደግሞ በአንድ በኩል ከፍ በሌላው ዝቅ ያለ። የድንጋይ ቀለም ያልኩት ሦስት ዓይነት ነው፤ አንዱ ወደ ቢጫ፣ አንዱ ወደ ሮዝ፣ አንዱ የሰው ቆዳ የሚመስል። ኪሎውን የሞሉት በምን እንደሆነ ገምቱ። ለሁለት ዓመት ሕፃን በሚሠሩት ትላልቅ ጡቦች። በሁሉም አቅጣጫ እጥፍ የሆኑት። ሚዛን ላይ ይከብዳሉ፣ ፒያሳ ላይ ግን የት ላስቀምጣቸው? የግንብ መስመር ያለው ጡብ አንድም የለም። የለመንኩት ባለ ሸንተረር ቁራጭ አንድ እፍኝ ያህል ተገኝቷል። ቀለሙ ደማቅ ሮዝ ነው። ሮዝ ቆርቆሮ! ዝርዝሬን ከፍተውም አላዩት።

ገንዘቡ ያንገበግበኛል፤ 19,500 ብር ለኔ የወር የቤት ኪራይ ነው። የዚያች ካሸር “ለራሷ ነው አለች እኮ” ግን የበለጠ ያንገበግበኛል። ሰው ጫት ላይ፣ ድራፍት ላይ፣ ውርርድ ላይ ብሩን ሲያፈስ “ስንት ዓመትህ ነው?” የሚለው የለም። እዚያው ሱቅ መደርደሪያ ላይ ያሉት ሣጥኖች ብዙዎቹ “18+” ተጽፎባቸዋል። ሳጥኑን ገልብጠው የሚሸጡ ሰዎች የተጻፈበትን ማንበብ ምን ያቅታቸዋል?

ሰኞ ጠዋት ንግድ ቢሮ ሄጄ አቤት እላለሁ። በእጄ ያለው የቴሌብር መልእክቱ፣ የውስጥ መስመር ወሬያችን፣ ካርቶኑ ከነሽታው ነው። የከፈልኩት ሰው ስም ሱቁ ውስጥ ካሉት የማንኛቸውም አይደለም ብለው እንደሚከራከሩ ከወዲሁ ይታየኛል።

እናንተ ግን ካርቶኑን ሳትከፍቱ ቀሪውን አትላኩ። ከላይ ያለችውን ፌስታል ተዉት፣ ከሥር ያለውን አውጡና ጉጡን በመብራት እዩት። ደረሰኙን ከክፍያው በፊት ተነጋገሩ። ገንዘቡም በሰው ስም ሳይሆን በሱቁ ስም ይግባ።

አንድ ነገር ደግሞ ትናንት ማታ ጓደኛዬ በሷ ስልክ ገብታ አሳየችኝ። ናሙናውን ሳይ ልጁ መብራት አበራልኝ አላልኳችሁም? ለካስ እጄን ፎቶ ሲያነሳ ነበር። ቻናሉ አናት ላይ ሰክተውታል፤ ጉጡ ላይ ያለው ስም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሥሩ “ደንበኞቻችን አረጋግጠው ይወስዳሉ” ይላል። ጥቁር ቀይ ጥፍር ቀለም የተቀባ፣ አውራ ጣቱ ላይ ቀለሙ የተላጠ እጅ ካያችሁ የኔ ነው። እሱን አይታችሁ ብር እንዳትልኩ።