ለርካሽ ሄድፎን «አምፕ ያስፈልገዋል» ሲሏችሁ እሺ እንዳትሉ

ጎንደር ውስጥ ጫጫታ የሚያጠፋ ሄድፎን ልትገዙ ያሰባችሁ፣ እጃችሁን ኪሳችሁ ከማስገባታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። እኔ አምፕ (አምፕሊፋየር) ለሚሉት ድምጽ ማጉያ ሳጥን 3,200 ብር ከፍዬ የተማርኩትን እናንተ በነጻ ውሰዱት።

ቤቴ ከቅዳሜ ገበያ ብዙም አይርቅም፤ ወፍጮ ቤት ጀርባ ነው። ወፍጮው ከጠዋት ጀምሮ ያጓራል። መብራት ሲሄድ እሱ ዝም ይልና የጎረቤት ጄኔሬተር ይረከበዋል። እኔ ደግሞ ቤት ቁጭ ብዬ የሰው ሂሳብ ነው የምሰራው። አንድ ቀን አንዱን ደረሰኝ ሁለት ጊዜ መዝግቤ ስገኝ፣ በቃ አልኩና ኖይዝ ካንስሊንግ የሚሉትን ሄድፎን ልገዛ ፒያሳ ወጣሁ።

የገዛሁት ሄድፎን ውድ አይደለም፤ 4,500 ብር ነው። እሱ ላይ ቅሬታ የለኝም፣ አሁንም ጆሮዬ ላይ ነው። ጉዱ የመጣው ከፍዬ ልወጣ ስል ነው። ሻጩ «ወንድሜ፣ ይሄ ብቻውን አይሆንህም» አለኝ። «ጫጫታ የሚያጠፋ ሄድፎን ኃይል ይበላል። ስልክህ አይችለውም። አምፕሊፋየር ያስፈልገዋል።» ከመደርደሪያው ላይ ሁለት ክብሪት ጎን ለጎን ሲቀመጥ የሚያህል ጥቁር ሳጥን አወረደ። አንድ ማዞሪያ አለው፣ አንድ ሰማያዊ መብራት አለው።

ከዚያ አሳየኝ። ሄድፎኑን በገመድ ስልኬ ላይ ሰካና አንድ ዘፈን ከፈተ። ድምጹ ቀጭን ነበር፣ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። ቀጥሎ ሳጥኑን መሃል አስገብቶ ማዞሪያውን ጠመዘዘው። ድምጹ ወፈረ። «አየህ?» አለኝ። እኔም አየሁ። ምኑን እንዳየሁ የገባኝ ግን ከሳምንት በኋላ ነው።

ሄድፎኑ ጠፍቶ ነበር። አዎ፣ የማብሪያ ቁልፉን አልነካውም። እንዲህ ያሉ ሄድፎኖች ውስጣቸው ባትሪ አለ፣ የድምጽ ማጉያ ቺፕ አለ፣ ድምጹን የሚያስተካክል ሌላ ቺፕም አለ። አምራቹ ሄድፎኑን ሲሰራ ድምጹን የሚያስተካክለው በነዚህ ቺፖች ነው። አጥፍታችሁ በገመድ ስትሰሙት ይሄ ሁሉ ይተኛል፤ ስልኩ የሄድፎኑን ስፒከር በቀጥታ ይነዳታል። ድምጹም ይሳሳል፣ ጫጫታ ማጥፋቱም አይሰራም። ሻጩ ያሳየኝ የተኛ ሄድፎን ነው። ቁልፉን ቢጫነው ኖሮ ሳጥኑ ባላስፈለገ።

ቤት ስገባ ሄድፎኑን አበራሁ፣ ሳጥኑን ሰካሁ። ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ሽሽሽ የሚል ድምጽ መጣ፣ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ከሩቅ ሲያካፋ ዓይነት። ማዞሪያውን ስጨምር ሽሽታው አብሮ ጨመረ። ከግማሽ ሳልፍ የዘፋኙ ድምጽ ተሰነጣጠቀ። መጀመሪያ ሄድፎኑን ጠረጠርኩት። ቀጥሎ ስልኬን። ሳጥኑን አልጠረጠርኩትም፤ 3,200 ብር የከፈለ ሰው የገዛውን ዕቃ ቶሎ አይጠረጥርም።

ሬዲዮና ስልክ የሚጠግን ጓደኛ አለኝ። ዕቃውን ይዤለት ሄድኩ። ሳይፈታው፣ ገና ሲያየው ሳቀ። ሳጥኑን ከመሃል አወጣው፣ ገመዱን ነቀለው፣ ብሉቱዝ አገናኘና ያንኑ ዘፈን ከፈተልኝ። ሽሽታ የለም። መሰነጣጠቅ የለም። ድምጹ ከበቂም በላይ ነው። ሳጥኑ ጠረጴዛው ላይ ሰማያዊ መብራቱን አብርቶ ቁጭ ብሏል። «እስቲ አሁን አጉላው» አለና ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው አዞረው። ዘፈኑ ንቅንቅ አላለም።

ያስረዳኝን በራሴ አነጋገር ልንገራችሁ። በብሉቱዝ ስትሰሙ ከስልኩ የሚወጣው ድምጽ አይደለም፣ ዳታ ነው። ዳታውን ወደ ድምጽ የሚቀይረውም፣ የሚያጎላውም ሄድፎኑ ራሱ ነው። የውጭ አምፕ መሃል የሚገባበት መንገድ የለም። በገመድ፣ ሄድፎኑ በርቶ ከሆነ ደግሞ፣ ከውጭ የመጣው ድምጽ ብዙውን ጊዜ እንደገና በውስጡ ማጉያ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ሳጥኑ ያጎላውን ሄድፎኑ ደግሞ ያጎላዋል። የርካሽ ሳጥን ሽሽታም አብሮ ይጎላል፤ ከልክ ሲያልፍ ይሰነጠቃል። «ኃይል ይበላል» የሚለው ነገር እውነት ነው፤ የሚበላው ግን ከራሱ ባትሪ ነው። ቻርጅ የምናደርገው ለምን መሰላችሁ?

አምፕ የሚያስፈልገው ሄድፎን የለም አልልም። አለ። ባትሪ የሌላቸው፣ በገመድ ብቻ የሚሰሩ የስቱዲዮ ሄድፎኖች አሉ። ሴንሃይዘር ኤችዲ 600 የሚባለው 300 ኦም ነው (ኦም ሄድፎኑ ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚለካበት ነው)፤ ከቤየርዳይናሚክ ደግሞ 250 ኦም የሆነ አለ፣ 600 ኦምም አለ። እነሱን ስልክ በደንብ ላይነዳቸው ይችላል። የኛዎቹ ርካሾች አብዛኛውን ጊዜ 32 ኦም አካባቢ ናቸው፣ ካርቶኑ ጎን ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። 32 የሚል ካያችሁ ስልካችሁ ይበቃል።

ሻጩ «አምፕ ካለ ጫጫታውም የበለጠ ይጠፋል» ብሎኝ ነበር። ይሄኛው አናደደኝ። ጫጫታ የሚጠፋው ሄድፎኑ ላይ ባሉ ትንንሽ ማይኮች ነው። የውጩን ድምጽ ይሰማሉ፤ ቺፑ የዚያን ድምጽ ግልባጭ ሞገድ ይሰራል፤ ሁለቱ ይጠፋፋሉ። ሙዚቃ ሲጎላ ወፍጮው የማይሰማችሁ ስለተሸፈነ ነው እንጂ ስለጠፋ አይደለም። ሽፋኑ ደግሞ ጆሮ ያስከፍላል። የዓለም ጤና ድርጅት 80 ዴሲቤልን (ዴሲቤል የድምጽ ጉልበት መለኪያ ነው) በሳምንት እስከ 40 ሰዓት መስማት ይቻላል ይላል። 90 ዴሲቤል ሲሆን በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ነው። እኔ ያንን ሳጥን ሰክቼ በቀን ስድስት ሰዓት ስሰራ ነበር።

ከሄድፎኑ ምን እንደምትጠብቁም ልንገራችሁ፣ ሌላ ነገር እንዳይሸጡላችሁ። ወፍጮ፣ ጄኔሬተር፣ ወደ አዘዞ የሚሄድ ሚኒባስ ሞተር፣ እንዲህ ያለ ወፍራምና የማያቋርጥ ድምጽ ላይ ጎበዝ ነው። የባጃጅ ጡሩንባ፣ የልጆች ጩኸት፣ የጎረቤት ወሬ ላይ ግን ደካማ ነው። ድንገት የሚመጣ ቀጭን ድምጽ ያመልጠዋል። ውዱም ሙሉ በሙሉ አይዘውም፣ እንኳን የኛ። ሹሩባ የተሰራ ወይም መነጽር ያደረገ ሰው ደግሞ የሄድፎኑ ትራስ ጆሮው ላይ በደንብ ካልገጠመ ድምጹ ይሳሳል፣ ጫጫታውም ይገባል። እህቴ ሹሩባዋን ወደ ኋላ ስትሰበስበው ብቻ «ኧረ ሌላ ሄድፎን ሆነ» ብላለች።

ድምጹ አነሰ ብላችሁ አምፕ ከመግዛታችሁ በፊት የስልኩን ድምጽም፣ ሄድፎኑ ላይ ባለው ቁልፍ የሚጨመረውንም ለየብቻ ከፍ አድርጉ። አንዳንዱ ስልክ ላይ ሁለቱ አይያያዙም። ሴቲንግ ውስጥ የድምጽ ገደብ በርቶ እንደሆነም እዩ። የኔ ጓደኛ ጋ «ሄድፎኔ ሞተ» ብለው ከሚመጡት ውስጥ ይሄው የሆነባቸው አሉ።

አንድ ሌላ ወጥመድም አለ፤ ከአምፑ የከፋ ነው ባይ ነኝ። ካርቶን ላይ ኢኤንሲ (ENC) የሚል ካያችሁ ቆም በሉ። እሱ ስልክ ስታወሩ ማዶ ያለው ሰው የናንተን አካባቢ ጫጫታ እንዳይሰማ የሚያደርግ ነው። ለናንተ ጆሮ ምንም አይሰራም። የምትፈልጉት ኤኤንሲ (ANC) ነው፤ ለናንተ ጆሮ ጫጫታ የሚያጠፋው እሱ ነው። አንድ ፊደል ነው ልዩነቱ፣ ሻጩም ሁለቱንም «ካንስሊንግ» ብሎ ነው የሚጠራው። ካርቶኑንም ቢሆን አትመኑት። ሱቅ ውስጥ ሙዚቃ ሳትከፍቱ አድርጉት፤ መንገድ ዳር ጄኔሬተር ካለ እሱ ጋ ቁሙ፤ ቁልፉን አብሩ፣ አጥፉ። ጉርምርምታው ካልቀነሰ የለበትም ማለት ነው።

ሳጥኑን ልመልስ ሄጄ ነበር። ሻጩ «ተከፍቷል፣ አይመለስም» አለኝ። ደረሰኝ አልጠየቅኩትም ነበር፤ ሂሳብ ሰራተኛ ሆኜ ደረሰኝ ሳልቀበል መውጣቴን ለማንም አትንገሩ። እናንተ ግን ተቀበሉ፣ ዕቃው ስሙ በትክክል ይጻፍበት። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ስለምትገዙት ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጣችኋል። ያለ ወረቀት ግን ክርክሩ የኔና የሱ ቃል ብቻ ሆኖ ይቀራል። በመጨረሻ በሳጥኑ ፋንታ ቻርጀር ልስጥህ አለኝ። እምቢ ብዬ ወጣሁ።

ሳጥኑ አሁን መደርደሪያዬ ላይ ነው። የ300 ኦም ሄድፎን ያለው ሰው ካለ በግማሽ ዋጋ እሸጥለታለሁ። ሽሽታው አብሮ ነው።