አየሩ ሲመጠጥ የሚጠነክር የጨቅላ መጠቅለያ ለአከርካሪ ኤምአርአይ

በአከርካሪ ኢንፌክሽን ለተጠረጠረ ጨቅላ ኤክስሬይ በመጀመሪያዎቹ 10–14 ቀናት ምንም ላያሳይ ስለሚችል ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሳ የውስጥ አካል ምስል) ግድ ነው። ይህ መጠቅለያ ሕፃኑ እንዳይንቀሳቀስ ስለሚይዘው ብዙውን ጊዜ ማደንዘዣን ያስቀራል። ሕፃኑ ከምርመራው 30 ደቂቃ ገደማ በፊት ይጠባል፤ ብረት ቁልፍ ያለው ልብስ ይወልቃል፣ ጆሮው ይሸፈናል፣ ከዚያ በመጠቅለያው ውስጥ ያለው አየር ይመጠጥና ይጠነክራል። ደረቱ ላይ ጣት ካላስገባ ጠብቋል፤ ትንፋሽ ያውካል።

የመጠቅለያው ድክመት ቫልቩ (የአየር መዝጊያው) ነው። አየር ካስገባ መሃል ላይ ይላላል፣ ምስሉም ይደበዝዛል። ስለዚህ የጎን የስቲር ምስል (STIR፣ ስብን አደብዝዞ ፈሳሽን የሚያደምቅ የኤምአርአይ ዓይነት) መጀመሪያ ይነሳ፤ የመቅኒና የዲስክ እብጠት እዚያ ይታያል። ሕፃኑ ቢነቃ እንኳ ዋናው ተይዟል። የኦክስጅን መለኪያው ለኤምአርአይ የተሠራ መሆን አለበት፤ ተራው ገመድ ቆዳ ሊያቃጥል ይችላል። በትንፋሽ መርጃ ላይ ላለ ጨቅላ አንመክረውም።

በነገራችን ላይ፣ ቀጠሮ እየጠበቁ ሕክምና ማዘግየት አይገባም፦ የደም ካልቸር (ጀርሙን የሚለይ የደም ምርመራ) ተወስዶ ስታፊሎኮከስ የተባለውን ባክቴሪያ የሚሸፍን አንቲባዮቲክ በደም ሥር ይጀመር።