ለመድረክ መብራት ባለሙያችን ምስጋና፣ ለቴአትር ባልደረቦቻችንም ጥቆማ

የቴአትር ቡድናችን ሰሞኑን ለተከታታይ ሦስት ቀናት ያቀረበው ተውኔት መጋረጃው ከተከፈተበት እስከ ተዘጋበት ድረስ አንድም የመብራት ስህተት ሳይታይበት ተጠናቋል። ለዚህ ትልቁ ምስጋና የሚገባቸው የመብራት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌራችንን እንደ አዲስ ያደራጁልንና ወጣቱን የመብራት ሠራተኛችንን ያሠለጠኑልን ባለሙያ ናቸው። ስማቸው በአደባባይ እንዳይጻፍ ስለጠየቁን ፈቃዳቸውን አክብረናል።

ባለፈው ዓመት ባቀረብነው ሥራ ላይ፣ እናት የልጇን መርዶ በምትሰማበት ትዕይንት፣ ቀስ እያለ መደብዘዝ የነበረበት መድረክ በድንገት ቦግ ብሎ በርቶ ነበር። ሠራተኛችን ቀጣዩን የመብራት ለውጥ በማውዝ ሊጫን ሲል፣ በዚያው ገጽ ላይ ከተደረደሩት፣ የመብራቶቹን ድምቀትና ቀለም በቀጥታ ከሚቀይሩት የቻናል ተንሸራታቾች አንዱን ሳያውቅ ወደ ላይ ገፍቶት ኖሯል። ተዋናይቷ ልቅሶዋን ሳታቋርጥ ብትቀጥልም ተመልካቹ ከሐዘኑ ወጥቶ ነበር፤ እኛም ጥፋቱን በሙሉ በልጁ ላይ ጣልን።

ባለሙያው ሲመጡ በመጀመሪያው ምሽት ላፕቶፑን አልነኩም። ከሠራተኛችን አጠገብ ተቀምጠው ልምምዱን እያዩ፣ ዓይኑ ስንት ጊዜ ከመድረኩ ወደ ስክሪኑ እንደሚመለስ፣ እጁም ምን ፍለጋ እንደሚባክን ሲመዘግቡ አመሹ። ውድ የመቆጣጠሪያ ጠረጴዛ ግዙ ይሉናል ብለን ስንሰጋ፣ ቀድሞ የምንጠቀምበት፣ በነጻ የሚገኘው ኪውኤልሲ ፕላስ የተባለው የመብራት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር እንደሚበቃን ነገሩን። እያንዳንዳቸው 7 ቻናል የሚወስዱት 24ቱ መብራቶቻችን በድምሩ የሚይዙት 168 ቻናል ሲሆን፣ ትእዛዙን ወደ መብራቶቹ የሚያደርሰው አንድ የዲኤምኤክስ መስመር ግን እስከ 512 ይሸከማል።

ከዚያ በኋላ የሠሩት ሁሉ ለጨለማ የታሰበ ነበር። የተውኔቱን የመብራት ለውጦች በሙሉ በቅደም ተከተል በአንድ ዝርዝር ውስጥ አስገብተው፣ ወደ ቀጣዩ መሻገሪያውን ስፔስ ባር ላይ አደረጉት፤ ጣት ሳያይ የሚያገኘው ትልቁ ቁልፍ እርሱ ነውና። በእያንዳንዱ ለውጥ አጠገብ ባለው የማስታወሻ ቦታ ለውጡን የሚቀድመውን ቃለ ተውኔት ጻፉ። አብረው ሊበሩ የማይገባቸውን የስክሪን ላይ ቁልፎች አንዱ ሲበራ ሌላው በራሱ በሚጠፋበት ክፈፍ ውስጥ ሰበሰቧቸው፤ የስክሪኑ ብርሃን ከኋላ የተቀመጡትን እንዳይረብሽም ቀለሙን አጠቆሩት። ከሁሉም በላይ ሶፍትዌሩ በትርኢት ሰዓት የማስኬጃ ገጹን ብቻ እንዲያሳይ፣ የማዘጋጃውም ሆነ የቻናሎቹ ገጽ ጨርሶ እንዳይታይ አድርገው ከፈቱልን። ያለፈው ዓመት ስህተት መንገዱ የተዘጋው በዚህ ነው፤ ልጁንም ያለ አግባብ መውቀሳችንን ተረድተን ይቅርታ ጠይቀነዋል።

በሁለተኛው ቀን አንድ ተዋናይ ደንግጦ ሁለት ገጽ ያህል ዘለለ። እንዲህ ያለው አጋጣሚ ቀድሞ ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱን ለውጥ በተመልካች ፊት እያበራንና እያጠፋን እናልፈው ነበር። አሁን ግን ሠራተኛችን በዝርዝሩ ላይ የቃለ ተውኔቱን ማስታወሻ አይቶ በቀጥታ ወደ ትክክለኛው ቦታ ሄደ፤ መብራቱም በተቀመጠለት የአምስት ሰከንድ ጊዜ ረጋ ብሎ ተለወጠ። በአዳራሹ ውስጥ ያስተዋለ ሰው አልነበረም። እኔ በአዘጋጅነቴ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ ሳይ እንባዬ መጣ።

ሶፍትዌሩ እንዳለ ሲከፈት ገጾቹ ብዙ በመሆናቸው ጀማሪን ያደናግራል፤ በሚገባ የሚያደራጀው ሰው ያስፈልገዋል። ሆኖም በነጻ ሠርተው ላበረከቱልን ሰዎችም ከልብ እናመሰግናለን።

የእኚህን ባለሙያ እርዳታ የምትሹ የቴአትርና የሙዚቃ ቡድኖች በውስጥ መስመር ብትጽፉልን ፈቃዳቸውን ጠይቀን እናገናኛችኋለን። ቢያንስ ሁለት ሙሉ ልምምድ ተቀምጠው ሳያዩ ሥራ ስለማይጀምሩ፣ ከትርኢቱ ቀን ቀደም ብላችሁ ጥሯቸው።