ሮላንድ ቲአር-808፦ አሮጌውን ድራም ማሽን ለሚገዛ

በ1982 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ዘፋኝ ማርቪን ጌይ ታላቅ ስኬት ያገኘበትን ዘፈን በዚህ ከበሮን ተክቶ በሚመታ የኤሌክትሮኒክስ ማሽን ታጅቦ ዘፈነ፤ በዚያው ዓመት አሜሪካዊው ዲጄ አፍሪካ ባምባታ የሂፕ ሆፕን ድምፅ ቀየረበት። አምራቹ የጃፓን ኩባንያ ሮላንድ ግን ከ1980 እስከ 1983 ብቻ ሠርቶ አቋረጠው።

ዋናው ሀብቱ ቤዝ ድራሙ (ወፍራሙ የከበሮ ድምፅ) ነው። ድምፁ የተቀዳ ሳይሆን የማሽኑ የኤሌክትሪክ ሰርኪዩት ራሱ የሚያመነጨው ነው፤ ጥልቀቱም ከዚያ ይመጣል። የዲኬይ ቁልፉን ወደ ቀኝ ሲያዞሩት ምቱ ይረዝማል። በፈጣን ዘፈን ላይ እስከ ጥግ ከዞረ ግን አንዱ ምት ሳያልቅ ሌላው ይደርስበትና ታችኛው ድምፅ ይደፈርሳል፤ እስከ ግማሽ ይመልሱት። በትንሽ ስፒከር አይፍረዱበት፣ ግማሹ ድምፅ አይሰማም።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው፦ ምቱን በተራ ከሚያስይዙት 16 ቁልፎች 1፣ 5፣ 9 እና 13ን ለቤዝ ድራም፣ 5 እና 13ን ለስኔር (ቀጭኑና ስለታሙ የከበሮ ድምፅ) ይጫኑ፤ መሠረቱ ተጣለ።

ከመግዛትዎ በፊት የባትሪውን ቤት ይክፈቱ። የተቀናበሩትን ምቶች የሚያቆዩት 3 ባትሪዎች ናቸው፤ ካረጁ ፈሳሻቸው ብረቱን ይበላዋል። ለእያንዳንዱ የከበሮ ድምፅ ያለውን የድምፅ መውጫም አንድ በአንድ ይሞክሩ። ሚዲ (የሙዚቃ መሣሪያዎችን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ሥርዓት) ስለሌለው ከኮምፒውተር ጋር ለማስማማት መለወጫ ያስፈልጋል።

ጥገና ላይ ጥንቃቄ ይደረግ፦ ሮላንድ የሚሿሿውን ድምፅ ያገኘው ሆን ብሎ ከመረጣቸው እንከን ካለባቸው ትራንዚስተሮች (ትንንሽ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች) ነው። ባለሙያው "አሻሽዬ" ብሎ በደህና ከተካቸው ያ ድምፅ ይጠፋል።