ፋሾላ ወይስ ዊኬ?

ሁለቱም የቀድሞ የናይጄሪያ ክልል ገዥዎች፣ ሁለቱም የሕግ ሰዎች ናቸው። ሁለቱም ስምንት ስምንት ዓመት ገዝተዋል። ታዲያ ለናይጄሪያ ክልል የትኛው ዓይነት ገዥ ይሻላል?

ባባቱንዴ ፋሾላ፣ ሌጎስ (2007–2015፤ ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ.)፦ በ2008 ለአውቶቡስ ብቻ የተለየ መስመር አስከፈቱ። በኦሾዲ ሰፈር መንገዱን የዘጋውን ገበያ አስነሱ። መኪናው አለፈ፤ ጉሊት ቸርቻሪው ግን ሜዳ ላይ ቀረ። በ2012 ደግሞ ማኮኮ በተባለው ሰፈር ውሃ ላይ የቆሙ ቤቶች ፈረሱ። የክልሉን ዩኒቨርሲቲ ክፍያም ሰማይ ሰቅለውት፣ ተማሪው ሲጮህ በ2014 ወደ ቀድሞው መለሱት።

ኒየሶም ዊኬ፣ ሪቨርስ (2015–2023)፦ የክልሉን ዋና ከተማ ፖርት ሃርኮርትን በማሳለጫ ድልድይ ሞሏት። በግንባታ ብዛት "ሚስተር ፕሮጀክት" ተብለዋል። ቁጣቸው ግን አይጣል ነው! በ2020 የኮሮና እገዳ ጥሰዋል ያሏቸውን ሁለት ሆቴሎች ራሳቸው ቆመው በዶዘር አስፈረሱ። በኋላ ከተተኪያቸውም ጋር ተጣሉ።

የተዝረከረከ ከተማ መስመር ይያዝልኝ ላለ ፋሾላ፤ ድልድዩ ቶሎ ይቁምልኝ ላለ ዊኬ። ጉሊት ነጋዴ ወይም የሆቴል ባለቤት ከሆኑ ግን እኔን አይጠይቁኝ።