ደሴ ፒያሳ ላገኘኋት የኅትመት ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

በመድኃኒት ኬሚስትሪ የማስተርስ ትምህርቴን የምከታተለው አዲስ አበባ ቢሆንም፣ የመመረቂያ ጽሑፌን የጨረስሁት ደሴ፣ እናቴ ቤት ተቀምጬ ነው። ለፈታኞች የሚቀርበውን ቅጂ ለማሳተም የገባሁበት የመጀመሪያው ቤት የሞለኪውሎቹን ሥዕሎች በሙሉ ባዶ ሣጥን አድርጎ አተመልኝ፤ ቅሬታዬን ባሰማ «ሥዕሉን ማን ያየዋል?» ብሎ የባለቀለም ዋጋ አስከፈለኝ። ሁለተኛው ደግሞ ፍላሼን በቫይረስ አስበልቶ መለሰልኝ። የዓመታት ልፋት እንዲህ ሲናቅ ማየት እጅግ ያማል።

በመጨረሻ ፒያሳ አካባቢ፣ አንዲት እህት ብቻዋን የምትሠራበት ጠባብ ቤት ደረስሁ። ገና ፊቴን እንዳየች «አብሽር ወንድሜ፣ ይደርሳል» አለችኝ። የጠፉትን ሥዕሎች በምን ዘዴ እንደመለሰቻቸው እስካሁን አልገባኝም፤ ብቻ መለሰቻቸው።

ይህን ያስጻፈኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ወደ ጥረዛው ከመግባቷ በፊት ገጾቹን አንድ በአንድ ስታገላብጥ ቆየችና፣ ሁለቱን መዝዛ ጎን ለጎን ዘርግታ፣ ጣቷን አንዱ መስመር ላይ አሳርፋ «ትምህርቱን አላውቀውም፤ ግን ይኼ ጥቁር ሾጣጣ እዚያኛው ላይ ሰረዝ ሰረዝ ሆኗል። አንድ ናቸው?» ስትል ጠየቀችኝ። አንድ አልነበሩም፤ ስሕተቱም የእኔው ነበር። የእኔ ሥራ ከእሬት መራራ ፈሳሽ በሚገኘው አሎይን ላይ ሲሆን፣ አሎይን ኤ እና አሎይን ቢ ቀመራቸው አንድ ሆኖ የሚለዩት በአንድ ካርቦን ዙሪያ የተያያዙት አተሞች በሚይዙት አቅጣጫ ብቻ ነው። ሾጣጣው ከወረቀቱ ወደ አንባቢው መውጣትን፣ ሰረዙ ወደ ኋላ መሄድን ያሳያል። የወባው ኩዊኒንና ለልብ ምት መዛባት የሚሰጠው ኩዊኒዲንም የሚለያዩት በአቅጣጫ እንጂ በቀመር አይደለም። እኔም አንዱን አሎይን ለይቼ ሌላውን አገኘሁ ብዬ ፈታኞች ፊት ልቆም ነበር።

ያረምሁትን ገጽ ደግማ ስታትም ተጨማሪ ሒሳብ አልተቀበለችኝም። ደሴ ያላችሁ ተመራቂዎች ሁሉ ወደ እርሷ ሂዱ፤ ከኮምቦልቻም ቢሆን የመኪናውን ከፍላችሁ ብትመጡ አትቆጩም። ስትሄዱ በእጅ የሣላችሁበትን ደብተርም ያዙ፤ ከኅትመቱ ጋር አስተያይታ ታነብላችኋለች።